ሃያ አንደኛዋ ቁልፍ

ሌባ ጓጉንቸሩን ሰብሮ የገባ ለት፣
ማንም አላየውም ከእኛ ከጎረቤት።
በነጋታው ማታ ደረጃ ላይ ቆመን፣
በየበሩ ዞረን መቶ ብር አዋጣን።
«ሃያ በር፣ ሃያ ቁልፍ፤ ትርፍ የለም!» ያልሁት እኔ፣
ሁለት ሲለምኑ አቶ አንለይ ከጎኔ።
ብቻቸውን ያሉ ሰው፣ ሁለት ምን ያደርጋል?
ለአንዱ ከተፈታ ሕግ ለሁሉ ይላላል።

ጸሐፊ ነኝና አሠራ ተባልሁ፤
አዲሲቱን ይዤ ወደ ይርሳው ወረድሁ።
ከማርቆስ መናኸሪያ፣ ጫማ ሰፊው ጥግ ላይ፣
እጁ በናስ ብናኝ ወርቅ መስሎ ሲታይ።
«መብራት ሄዷል» አለኝ፣ ማሽኑን ሸፈነ፤
«ከመሸብህ ይምሽ፤ በእጄ ነው ከሆነ።»

በርጩማ ሰጠኝ።
የመጀመሪያውን ናስ ሞርሳው ላይ ቸክሎ፣
«የማን ነው ይኼኛው?» አለኝ ቀና ብሎ።
«የበሩ ነው» ስለው፣ «በር ኪስ የለው» አለኝ፤
«ተሸካሚው ማነው? ስሙን አጫውተኝ።»

ቆጠርሁለት፦ ምድር ቤት፣ ሽታሁን ሾፌሩ፣
ከቡሬ በሌሊት መመለስ ነው ግብሩ፤
አንደኛ ፎቅ በግራ፣ ባንቺአምላክ ነርሷ፣
ከተረኛ ማግስት ገመድ ላይ ነው ልብሷ፤
ሁለተኛ ፎቅ ላይ መምህር ሞላልኝ፣
ስልክ እያወራ ደረጃ ላይ የሚያልፈኝ።

ሦስተኛው ላይ፣ በቀኝ...
ዝም አልሁ።
አራት ዓመት ሙሉ «እንደምን አደርሽ»፣ «እግዜር ይመስገን»።
ጀሪካኗን አውቃለሁ፤ ሰማያዊ ነው፣ ክዳን የለውም፤
ሳሏን በግድግዳ አውቃለሁ፤
ስሟን ግን አላውቀውም።

ይርሳው አልሳቀብኝም።
«ይቺን እንግዲህ» አለ፣ «ላላወቅሃት ልሞርዳት»፤
ከሁሉም አስረዝሞ፣ ከሁሉም አሳምሮ ሞረዳት።
«ከቅጂ ላይ ቅጂ አልወስድም፤ ሁሌ ከእናቲቱ ነው» አለኝ መሀል ላይ፣
«ፀጉር ያህል ትጎድላለች ጥርስ፣ ልጅ በወለደች ቁጥር ልጅ ላይ።»

አራተኛ ፎቅ ደርሼ አቶ አንለይን ስጠራ፣
ቀና አለ፤ «ስማቸውስ፣ ሆነላቸው ወይ ሥራ?»
«አልሆነም» አልሁት፤ «ሚስታቸው በጥቅምት ሞጣ ሄደች፤
ምን እንደተባባሉ እንጃ፤ ቁልፏን እንደያዘች ወጣች።»

ይኼን ስናገር ነው የገባኝ ምሥጢሩ፦
በያዘችው ቁልፍ እንደማይከፈት በሩ።

ሞረዱ ይሄዳል፣ ይመጣል። እኔ አፌን ይዣለሁ።
«ትርፍ የለም!» ያልሁበት ድምፄን እሰማለሁ።
የጮቄ ነፋስ ገባ በቆርቆሮው ስንጥቅ፣
የስልኬን መብራት ይዤ ጥርስ በጥርስ ስጠብቅ።

ሃያ አንደኛዋን ከኪሴ ከፈልሁ፤
«የማን ልበል?» ቢለኝ፣ «የጥሩዓለም» አልሁ።

ማታ በሩ ላይ ሃያው ተሞከረ፤ ሃያውም ከፈተ፤
ያቺኛዋ ስትገባ ግን፣ ግማሽ ዙር ላይ ጓጉንቸሩ ተሟገተ።
በዚያ ጨለማ ውስጥ፣
ከእናቲቱ ይሁን ከልጇ፣ ማን ያውቃል ከየት እንደቀዳት።
«ጠዋት ላስሞርዳት፤ አንድ ፀጉር ነው የበዛባት»
አልሁ፤ አቶ አንለይ ግን ከእጄ ላይ ወሰዷት።
«ተዋት፤ አትንካት» አሉ።
«የመጣች እንደሆን ታንኳኳለች፤
ወርጄ እከፍታለሁ።
እስከዚያ ሚስማሩ ላይ ትዋል።»

ሁሉም ቁልፉን ይዞ ገባ።
ለአምፖል ብር አልተረፈም፤ ደረጃው እንደጨለመ ነው።
ግድግዳውን እየዳበስሁ ወጣሁ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
በቀኝ በኩል ቆምሁ።
ወርዳ ያልወሰደች እሷ ብቻ ነበረች፤
ናሷ በመዳፌ ሞቃለች።

አንኳኳሁ።
መጀመሪያ ሳሉ መጣ፣ ቀጥሎ «ማነው?»

ስሜን ነገርኋት።